የፕላኔት ምስል አንሺ ስፔክትሮሜትሮች፦ ለየትኛው ጥያቄ የየትኛውን መሣሪያ መረጃ እንምረጥ?

ፕላኔቶችን በቅርበት እንዲያጠኑ የተላኩ መንኮራኩሮች ከሰበሰቡት መረጃ ውስጥ ለጀማሪ ተመራማሪ ከሁሉ ይልቅ ፍሬያማ የሚሆነው ምስል አንሺ ስፔክትሮሜትሮች ያመጡት ነው ብዬ አምናለሁ። ናሳም ሆነ የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ ይህን መረጃ በየማኅደራቸው ያለ ክፍያ ለማንም ክፍት አድርገውታል። ስለዚህ የማርስን የሸክላ ማዕድን ወይም የጨረቃን ባዝልት ማጥናት የሚፈልግ የጂኦሎጂ፣ የፊዚክስ ወይም የሪሞት ሴንሲንግ ተማሪ፣ አገሩ ተቀምጦ፣ ከኮምፒውተርና ከኢንተርኔት በቀር ብዙ ሳያስፈልገው እውነተኛ ምርምር ሊሠራ ይችላል። የሚያስቸግረው መረጃውን ማግኘቱ ሳይሆን መምረጡ ነው። መሣሪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ የሚያዩት የሞገድ ክልል፣ የፒክስላቸው ስፋት፣ የሠሩበት ዘመንና በሥራ ላይ ሳሉ የደረሰባቸው ጉዳት ይለያያል፤ ለጥያቄው የማይመጥን መረጃ የመረጠ ሰው ደግሞ የዓመት ድካሙ ያለ ውጤት ሊቀርበት ይችላል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን ምርጫ ለማገዝ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ምስል አንሺ ስፔክትሮሜትር ከተራ ካሜራ የሚለየው፣ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ሦስት ወይም አራት ቀለማትን ብቻ ሳይሆን ከብዙ አሥሮች እስከ ብዙ መቶዎች የሚደርሱ ጠባብና ተከታታይ የሞገድ ቻናሎችን በመመዝገቡ ነው። ውጤቱ ሁለት የቦታ አቅጣጫዎችና አንድ የሞገድ ርዝመት አቅጣጫ ያለው፣ ባለሙያዎች «ኪዩብ» የሚሉት መረጃ ነው። ከኪዩቡ አንዱን ፒክስል ነጥለን ብናወጣ፣ ያች ቁራጭ መሬት ያንጸባረቀችውን የፀሐይ ብርሃን ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ ያለውን የብርሃን መጠን፣ እናገኛለን። ማዕድናትና በረዶዎች ብርሃንን የሚውጡት በየራሳቸው የሞገድ ርዝመት ስለሆነ፣ በስፔክትረሙ ላይ የሚታዩት ጎድጓዳዎች በቦታው ምን እንዳለ ይናገራሉ።

ብዙ ጀማሪዎች መሣሪያ ሲመርጡ አስቀድመው የሚጠይቁት «ፒክስሉ ስንት ሜትር ነው?» ብለው ነው። በእኔ እምነት ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሊሆን ይገባዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የምፈልገው ነገር ብርሃን የሚውጥበት የሞገድ ርዝመት በመሣሪያው ክልል ውስጥ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያው ያንን ክልል በጤናማ ሁኔታ የመዘገበው በየትኞቹ ዓመታት ነው የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ በኋላ ስለ ሜትር መነጋገር ይቻላል።

ከጎድጓዳው መነሣት

ኦሊቪን በ1 ማይክሮሜትር ዙሪያ አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ሲኖረው፣ ፓይሮክሲን በ1 እና በ2 ማይክሮሜትር አካባቢ ሁለት አለው። ውሃ ያዘለ ማዕድን በ1.4 እና በ1.9 ይታወቃል፤ አልሙኒየም ያለበት ሸክላ በ2.2፣ ብረትና ማግኒዚየም ያለበት ሸክላ ደግሞ በ2.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ተጨማሪ ምልክት ይሰጣል። ካርቦኔቶች በ2.3 እና በ2.5 ጥንድ ጎድጓዳ ያሳያሉ፤ በ3.4 እና በ3.9 ያለው ምልክታቸው ከዚያ ይጠነክራል። የውሃና የሃይድሮክሲል ዋነኛው ምልክት የሚገኘው ከ2.7 እስከ 3.1 ማይክሮሜትር ባለው ክልል ነው፤ የዚህ ክልል ሰፊ ክፍል በምድር ከባቢ አየር ስለሚሸፈን ከምድር በቴሌስኮፕ በሚገባ አይታይም። ስፔክትሮሜትሩን በመንኮራኩር ጭኖ መላክ ካስፈለገባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ይህን ዝርዝር ይዘን የመሣሪያዎቹን ክልል ስንመለከት ብዙው ምርጫ በራሱ ይለያል። በማርስ ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር ላይ ያለው ክሪዝም ከ0.36 እስከ 3.92 ማይክሮሜትር፣ በማርስ ኤክስፕረስ ላይ ያለው ኦሜጋ ከ0.35 እስከ 5.1፣ በቻንድራያን-1 ላይ የነበረው የጨረቃ ማዕድን ቀያሽ፣ በአጭሩ ኤም-3፣ ከ0.43 እስከ 3.0፣ ሳተርንን ባጠናው ካሲኒ ላይ የነበረው ቪምስ ከ0.35 እስከ 5.1፣ ቬስታንና ሴሬስን ባጠናው ዶውን ላይ የነበረው ቪር ከ0.25 እስከ 5.1፣ በፕሉቶ አጠገብ ባለፈው ኒው ሆራይዘንስ ላይ ያለው ሊሳ ደግሞ ከ1.25 እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ያያሉ። የካርቦኔትን የ3.9 ጎድጓዳ ጥርት አድርጎ ማየት የሚፈልግ ሰው ክሪዝም ልክ እዚያው ጫፍ ላይ እንደሚያበቃ ማስተዋል አለበት፤ ጎድጓዳው ጎድጓዳ መሆኑ የሚታወቀው በግራም በቀኝም ትከሻው ሲታይ ነውና።

ከእነዚህ አንዱም የማይመልሰው ጥያቄ እንዳለም ማወቅ ይጠቅማል። ፌልድስፓርና ኳርትዝ በዚህ ክልል ውስጥ ጎልቶ የሚታይ ምልክት የላቸውም፤ የድንጋይ ዋነኛ አካል ሆነው ሳለ ዝም ይላሉ ማለት ነው። እነርሱን ለማየት ወደ ሙቀት ኢንፍራሬድ መሻገር ያስፈልጋል። ለማርስ ይህን ያደረጉት በማርስ ግሎባል ሰርቬየር ላይ የነበረው ቴስ፣ ከ6 እስከ 50 ማይክሮሜትር፣ እና በማርስ ኦዲሲ ላይ ያለው ቴሚስ ናቸው። የቴስ ፒክስል 3 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ቴሚስ 100 ሜትር ቢያይም ያለው በጣት የሚቆጠር ሰፋፊ ቻናል ስለሆነ ምስል አንሺ ስፔክትሮሜትር ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም ያ ሰፊ ፒክስል ያለው ቴስ በሜሪዲያኒ ሜዳ ግራጫ ሄማታይት የተባለ የብረት ማዕድን በማግኘቱ፣ ኦፖርቹኒቲ የተባለው ተሽከርካሪ በ2004 እንዲያርፍ የተመረጠለት ስፍራ ያ ሆነ። ትክክለኛውን የሞገድ ክልል ይዞ 3 ኪሎሜትር ማየት፣ የማይመለከተውን ክልል ይዞ 20 ሜትር ከማየት እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ማርስ፦ ኦሜጋ ወይስ ክሪዝም?

አብዛኛው ጀማሪ የሚገጥመው ምርጫ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላየው እወዳለሁ። ኦሜጋ ማርስ የደረሰው በታኅሣሥ 2003 ሲሆን 352 ቻናሎች አሉት። የማርስ ኤክስፕረስ ምህዋር በጣም የተለጠጠ በመሆኑ የፒክስሉ ስፋት መንኮራኩሩ እንዳለበት ከፍታ ይለዋወጣል፤ ዝቅ ሲል 300 ሜትር አካባቢ፣ ከፍ ሲል ወደ 5 ኪሎሜትር ይጠጋል። ክሪዝም በበኩሉ በ2006 ደርሶ 300 ኪሎሜትር ከሚሆን ከፍታ ላይ፣ በ544 ቻናሎች፣ በፒክስል 18 ሜትር ያህል እያየ ሠርቷል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ወዲያው ክሪዝምን ይመርጣል። ነገር ግን ክሪዝም በዚህ ጥራት ያነሣቸው ስፍራዎች እያንዳንዳቸው ወደ 10 ኪሎሜትር የሚሰፉ የተመረጡ ቁራጮች እንጂ የፕላኔቱ ገጽ በሙሉ አይደሉም። ሰፊውን የቃኘበት ሌላው ስልት 70 የሚያህሉ ቻናሎችን ብቻ እየመዘገበ፣ ፒክስሉም ከ100 እስከ 200 ሜትር እየሆነ ነው። ኦሜጋ ግን ፕላኔቱን ከሞላ ጎደል አዳርሷል።

ስለዚህ ጥያቄው «ይህ ማዕድን በማርስ ላይ የት የት ይገኛል?» ከሆነ ኦሜጋ ይቀድማል፤ «በዚህ ገደል ላይ የትኛው ድርብርብ ከየትኛው በላይ ነው?» ከሆነ ደግሞ ከክሪዝም ውጭ አማራጭ የለም። የሁለቱ መሣሪያዎች ታሪክ ራሱ ይህን ያሳያል። የኦሜጋ ቡድን በ2005 ሸክላና ሰልፌት በተለያዩ ስፍራዎች፣ ሸክላውም በተለይ በጥንታዊው መሬት ላይ እንደሚገኝ አሳወቀ፤ ማውርት ቫሊስና ኒሊ ፎሳ ስማቸው የታወቀውም ያን ጊዜ ነው። ክሪዝም ወደ እነዚሁ ስፍራዎች ተመልሶ ሲያይ፣ በማውርት ቫሊስ አልሙኒየም ያለበት ሸክላ ብረትና ማግኒዚየም ካለበት ሸክላ በላይ ተነጥፎ መገኘቱን ለየ፤ በኒሊ ፎሳም በ2008 ካርቦኔት መገኘቱ ተነገረ። በጌል ክሬተር ውስጥ ባለው ተራራ ግርጌ ሸክላ፣ ከእርሱ በላይ ደግሞ ሰልፌት መኖሩን ያሳየው፣ ኩሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ በ2012 እዚያ ከማረፉ አስቀድሞ፣ ይኸው መሣሪያ ነው። ሌላው ተሽከርካሪ ፐርሰቪራንስ በየካቲት 2021 ላረፈበት ለጀዜሮ ክሬተርም የሸክላውና የካርቦኔቱ ካርታ ከክሪዝም የተገኘ ነው።

ኦሜጋ ሌላ ብዙዎች የማያስተውሉት ብልጫ አለው። የማርስ ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር በአንድ ስፍራ ላይ የሚያልፈው ሁልጊዜ በአካባቢው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ማርስ ኤክስፕረስ ግን በተለያየ ሰዓት ያልፋል። ውርጭ ጠዋት ታይቶ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋበትን፣ ደመና የሚነሣና የሚበተንበትን ሁኔታ ለሚያጠና ሰው የፒክስሉ ትልቅነት የማይካካስ ጉዳት አይደለም፤ የሰዓቱ አለመለዋወጥ ግን ነው።

አሁን ወደ ዘመኑ እንምጣ፤ ምክንያቱም ሁለቱም መሣሪያዎች እንደ አዲስ ሆነው አልዘለቁም። የኢንፍራሬድ ዲቴክተር፣ ማለትም ብርሃኑን የሚመዘግበው ክፍል፣ ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት የሚለካውን ብርሃን እንዳይሸፍነው በማቀዝቀዣ ሞተር በብርቱ ቅዝቃዜ መያዝ አለበት፤ ሞተሩ ሲያረጅ ረብሻው ይጨምራል። ክሪዝም ሦስት ማቀዝቀዣዎች ነበሩት፤ የመጨረሻው በ2017 አገልግሎቱን ጨረሰ፤ መሣሪያው ራሱም በሚያዝያ 2023 ተዘጋ። በኦሜጋም በኩል፣ የሸክላና የሰልፌት ምልክቶች የሚገኙበት ከ0.93 እስከ 2.7 ማይክሮሜትር የሚያየው ክፍል በ2010 ሥራ አቁሟል። ስለዚህ ማዕድን የሚፈልግ ሰው ከኦሜጋ የ2004 እስከ 2010፣ ከክሪዝም ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መረጃ ቢያስቀድም ይጠቀማል። አንድ ስፍራ በ2007ም በ2015ም ተነሥቶ ከሆነ፣ አዲሱ ይሻላል የሚለውን ልማድ ትቶ አሮጌውን መክፈት ነው የሚበጀው። በ2007 እና በ2018 ግን ማርስን በሙሉ የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ስለነበረ የተነሣበትን ወር ሳያዩ ማውረድ አይገባም።

አንድ ፒክስል በቅርበት

የክሪዝም መረጃ ጥራት እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል የሚያስተምር አንድ ጉዳይ አለ። በመስከረም 2015፣ በማርስ ቁልቁለቶች ላይ በሞቃት ወቅት እየረዘሙ በቅዝቃዜው በሚጠፉ ጥቁር መስመሮች ላይ፣ ውሃ ያዘለ ፐርክሎሬት፣ ክሎሪንና ኦክስጅን ያለበት ጨው፣ መገኘቱ በስፋት ተነገረ። መስመሮቹ እጅግ ቀጭን በመሆናቸው ማስረጃው የተወሰደው ከነጠላ የክሪዝም ፒክስሎች ነበር፤ የተፈለገውም ምልክት በ2.1 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለ ጎድጓዳ ነው። በ2018 ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን ያንኑ መረጃ ከሥሩ መረመረ። በዚያ ክልል የማርስ ከባቢ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብርሃኑን ስለሚውጠው፣ የሚለካው የብርሃን መጠን ከቻናል ወደ ቻናል በፍጥነት ይለዋወጣል። መደበኛው የመረጃ ማቀናበሪያ ሂደት ደግሞ ድንገተኛ የረብሻ ነጥብ ሲያገኝ በማለስለሻ ማጣሪያ ያስተካክለዋል። ማጣሪያው በዚያ ቁልቁል ክልል ላይ ሲሠራ አንዳንዴ በ2.1 ማይክሮሜትር ላይ ያልነበረ ጎድጓዳ ይፈጥራል። ይህ የሚደርሰው ከ0.05 በመቶ ባነሱ ፒክስሎች ላይ ነው። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ፒክስሎች መካከል «ፐርክሎሬት የሚመስለውን» ለይቶ የሚያወጣ ሰው፣ ሳያውቀው እነዚያኑ መርጦ ያወጣል።

ፐርክሎሬት በማርስ አፈር ውስጥ መኖሩ፣ ፊኒክስ የተባለው አራፊ በ2008 በቦታው ስለለካው፣ አላጠራጠረም፤ ያጠራጠረው በእነዚያ መስመሮች ላይ ከምህዋር ታየ የተባለው ነው። ከዚህ ለመራጩ የሚወጣው የሥራ ደንብ ግልጽ ነው። በክሪዝም ላይ የሚመሠረት ግኝት ቢያንስ ጎን ለጎን የሆኑ ብዙ ፒክስሎች አማካይ መሆን አለበት፤ ምልክቱም ከማጣሪያው በፊት ባለው መረጃ ላይ መታየት አለበት። በኦሜጋ ወይም በሌላ ቀን በተነሣ ኪዩብ ላይም ቢደገም መልካም ነው። የሚጠናው ነገር ከሁለትና ከሦስት ፒክስል የማይበልጥ ከሆነ፣ መሣሪያው ሊያየው ይችላል የሚለውን ተስፋ ትቶ ጥያቄውን መለወጥ ይሻላል።

የከባቢ አየሩን ተጽዕኖ ለማስወገድ የኦሜጋም የክሪዝምም ቡድኖች የሚጠቀሙበትን ዘዴ በዚህ አጋጣሚ ላንሣ፤ በጣም የማደንቀው ነውና። ኦሊምፐስ ሞንስ ከ20 ኪሎሜትር በላይ ከፍታ ያለው የማርስ እሳተ ገሞራ ነው። ከግርጌውና ከጫፉ የተነሡትን ስፔክትረሞች ብናካፍላቸው፣ ድንጋዩ ተመሳሳይ በመሆኑ የሚቀረው በመካከላቸው ያለው አየር የዋጠው ብርሃን ብቻ ነው። ያንን ቅርጽ እንደየስፍራው መጠኑን እያስተካከሉ ከሌሎች ኪዩቦች ያወጡታል። የሚቀረውን ጥቃቅን ስሕተት ለመቀነስ ደግሞ የሚፈለገውን ስፔክትረም በዚያው ዓምድ ላይ ባለ ምልክት አልባ ስፍራ ስፔክትረም ማካፈል የተለመደ ነው። «በዚያው ዓምድ» የሚለው ቃል በክሪዝም ሊዘነጋ አይገባም፤ የምስሉ እያንዳንዱ ዓምድ የሚመዘገበው በዲቴክተሩ ላይ በራሱ ቦታ ስለሆነ የየራሱ የልኬት መዛባት አለው።

ጨረቃ፦ 3.0 ላይ የቆመው ኤም-3

ኤም-3 በጥቅምት 2008 በሕንዱ ቻንድራያን-1 ተሳፍሮ የተላከ የናሳ መሣሪያ ነው። መንኮራኩሩ ለሁለት ዓመት ታቅዶ በነሐሴ 2009 ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ በዚያች አጭር ጊዜ ግን ኤም-3 የጨረቃን ገጽ ከ90 በመቶ በላይ ሸፍኗል። 260 ቻናልና 70 ሜትር የሚለውን መግለጫ አይተው የሚመርጡት ሰዎች፣ አብዛኛው መረጃ የተሰበሰበው 85 ቻናልና 140 ሜትር ባለው አጠቃላይ ስልት መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው። ምህዋሩ በግንቦት 2009 ከ100 ወደ 200 ኪሎሜትር ከፍ በመደረጉም የኋለኛው መረጃ ፒክስል ይሰፋል። ለኦሊቪን፣ ለፓይሮክሲንና ለስፒነል ጥናት ይህ ሁሉ ችግር አይሆንም፤ ለዚያ ሥራ ከኤም-3 የተሻለ ቅኝት አላውቅም።

የሚያከራክረው የውሃው ጉዳይ ነው። የኤም-3 ቡድን በመስከረም 2009 በጨረቃ ገጽ ላይ የሃይድሮክሲልና የውሃ ምልክት ከ2.8 እስከ 3.0 ማይክሮሜትር መታየቱን ሲያሳውቅ፣ ካሲኒ በ1999 በዚያ ሲያልፍ በቪምስ የወሰደው መረጃና የዲፕ ኢምፓክት መንኮራኩር ምልከታ ግኝቱን ደገፉት። ነገር ግን ኤም-3 የሚያበቃው ጎድጓዳው ባላለቀበት በ3.0 ላይ ነው። በተጨማሪም በቀን የምትሞቀው ጨረቃ ከ2 ማይክሮሜትር በላይ ራሷ ሙቀት ታበራለች፤ ይህ ብርሃን ጎድጓዳውን ስለሚሞላው ተለክቶ መቀነስ አለበት። መጠኑን ለማወቅ የገጹን ሙቀት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የገጹን ሙቀት ደግሞ ኤም-3 ራሱ በጫፉ ካየው ጥቂት ክልል መገመት ግድ ይሆናል። የጨረቃ ውሃ በቀን ውስጥ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም በሚለው ላይ ከአንድ መረጃ ተነሥተው የተለያዩ ቡድኖች ተቃራኒ መልስ የሰጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የቀን ውሃ ለውጥን የሚያጠና ሰው በቻንድራያን-2 ላይ ያለውን፣ ከ0.8 እስከ 5.0 ማይክሮሜትር የሚያየውን የሕንድ መሣሪያ ቢመርጥ ይሻላል እላለሁ። በ2019 ጨረቃን መዞር የጀመረው ይህ መሣሪያ የሙቀቱን ጭራ እስከ 5 ማይክሮሜትር ስለሚያይ የሙቀት ቅነሳው ከግምት ወደ ልኬት ይቀርባል፤ ፒክስሉም 80 ሜትር ያህል ነው። በአንጻሩ ፀሐይ ፈጽሞ በማይነካቸው የዋልታ ጉድጓዶች ውስጥ የሙቀቱ ችግር ስለሌለ፣ በ2018 የውሃ በረዶ ምልክት በዚያ መታየቱ የተነገረው ከኤም-3 መረጃ ነው፤ ብርሃኑም ከጉድጓዶቹ ግድግዳ ተንጸባርቆ የገባው ደካማ ብርሃን ነበር።

በሩቅ ዓለማት፦ አሠራሩ ምርጫውን የሚወስንበት

እስካሁን መሣሪያዎቹ ምስሉን እንዴት እንደሚሠሩት አልተናገርኩም፤ ለማርስና ለጨረቃ ብዙ አይለውጥም ነበር። ለሩቅ ዓለማት ግን ይለውጣል። የቪምስ ኢንፍራሬድ ክፍል በአንድ ጊዜ አንድ ፒክስል ብቻ እያየ፣ መስተዋቱን ወደ ግራ ቀኝና ወደ ላይ ታች እያንቀሳቀሰ 64 በ64 የሆነ ምስል ይሞላል። ኤም-3ና ክሪዝም በቀጭን ስንጥቅ አንድን መስመር በሙሉ በአንድ ጊዜ ተቀብለው፣ መንኮራኩሩ ወደፊት ሲጓዝ መስመር በመስመር ይደምራሉ። ሊሳ ከሁለቱም ይለያል፤ ከዲቴክተሩ ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር የሚያሳልፈው የሞገድ ርዝመት ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ማጣሪያ ስላለው፣ የአንድ ስፍራ ስፔክትረም የሚሟላው ያ ስፍራ በዲቴክተሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲያልፍ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሊሳ ከካሜራ ጋር አብሮ ያለበት ራልፍ የተባለው ሙሉ መሣሪያ ክብደቱ ከ10 ኪሎግራም ብዙ የማይርቅ፣ የሚወስደውም ኃይል ከ10 ዋት ያነሰ ነው። በሐምሌ 2015 ፕሉቶን አንዴ ብቻ አልፎ ለሚሄድ፣ የኃይል ምንጩ ትንሽ ለሆነ መንኮራኩር ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። የናይትሮጅን፣ የሚቴን፣ የካርቦን ሞኖክሳይድና የውሃ በረዶ ካርታዎች የተገኙት በዚህ ነው።

ለመረጃ ተጠቃሚው ግን ልዩነቱ ዋጋ አለው። በቪምስ ኢንፍራሬድ ኪዩብ ውስጥ የአንድ ፒክስል ስፔክትረም በሙሉ በአንድ ቅጽበት ስለተመዘገበ ጎድጓዳው አይዛባም። በሊሳ ግን እያንዳንዱ ቻናል የተመዘገበው በተለያየ ቅጽበት ነው፤ መንኮራኩሩ በተጠጋ ቁጥርም ስፋቱና የእይታው ማዕዘን ይለወጣል። ቻናሎቹን በትክክል አገጣጥሞ ኪዩብ መሥራት ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ለጀማሪ በጥሬው መረጃ መነሣትን አልመክርም፤ አስቀድመው የተገጣጠሙትን መያዝ ይሻላል።

ቪምስ በ352 ቻናሎቹ ሳተርንን ከ2004 እስከ 2017 አጥንቷል። ታይታን በተባለችው የሳተርን ጨረቃ ላይ ግን ከእነዚያ ቻናሎች አብዛኞቹ ገጹን አያዩም፤ በከባቢ አየሯ ያለው ሚቴን ስለሚውጣቸው የሚቀሩት በ0.94፣ በ1.08፣ በ1.28፣ በ1.6፣ በ2.0፣ በ2.8 እና በ5 ማይክሮሜትር አካባቢ ያሉት መስኮቶች ብቻ ናቸው። የታይታንን ገጽ ስብጥር በጎድጓዳ ለመለየት የሚነሣ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ካለ ሐይቅ የፀሐይ ብርሃን እንደ መስተዋት ሲንጸባረቅ በ2009 የታየው በ5 ማይክሮሜትሩ መስኮት ነው፤ የጭጋጉ ተጽዕኖ በዚያ መስኮት አነስተኛ ስለሆነ። በቬነስም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የቬነስ ኤክስፕረሱ ቪርቲስ ገጹን ያየው በሌሊቱ በኩል፣ በ1 ማይክሮሜትር አካባቢ ባለች ጠባብ መስኮት፣ ያውም በአብዛኛው የደቡቡን ንፍቀ ክበብ ነው። የዚህም መሣሪያ ማቀዝቀዣ በ2008 በመበላሸቱ የኢንፍራሬድ ካርታው የሁለት ዓመት ተኩል ሥራ ብቻ ነው።

ስለ ጥቃቅን አካላት በአጭሩ። ለሴሬስና ለቬስታ ቪር ብቸኛው ምርጫ ነው፤ በኦካተር ክሬተር ያለው ብሩህ ነጭ ነገር በአመዛኙ ሶዲየም ካርቦኔት መሆኑ በ2016 የታወቀው በ3.4 እና በ4.0 ማይክሮሜትር አካባቢ ባሉት ምልክቶቹ ነው። ቤኑ የተባለውን አስትሮይድ ያጠናው ኦቪርስ ግን ምስል አንሺ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ክብ ስፍራ ብቻ ያያል፤ ከ5 ኪሎሜትር ርቀት ያ ክብ 20 ሜትር ይሰፋል። ካርታ የሚሠራው ክቦቹን በመደራረብ ነው፤ የ2.7 ማይክሮሜትሩ ምልክት ግን በግልጽ ይታይበታል።

አሁን ወደ ጁፒተር በመንገድ ላይ ያሉትን መንኮራኩሮች የሚጠብቅ ሰው ዕቅዱን በዚያው ልክ ያርዝም። በጁስ ላይ ያለው ማጂስ ከ0.5 እስከ 5.5 ማይክሮሜትር እያየ በ2031፣ በዩሮፓ ክሊፐር ላይ ያለው ማይዝ ደግሞ ከ0.8 እስከ 5 እያየ በ2030 ጁፒተር ጋ ይደርሳሉ ተብሎ ይጠበቃል። እስከዚያ ድረስ ስለ ጁፒተር ጨረቃ ስለ ዩሮፓ የሚሠራ ሰው ከ1990ዎቹ የጋሊሊዮ መንኮራኩር መረጃና በጁኖ መንኮራኩር ላይ ካለው ከጂራም ውጭ ብዙ ምርጫ የለውም።

ለማውረድና ለመለማመድ

የኢንተርኔቱ ፍጥነትም በምርጫው ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህን መናገር ከሳይንሱ መውጣት አይደለም። አንድ የቪምስ ኪዩብ 64 በ64 ፒክስልና 352 ቻናል በሁለት ባይት ቢቆጠር 3 ሜጋ ባይት አይሞላም፤ መቶ ኪዩብ በአንድ ምሽት ይወርዳል። የክሪዝም ሙሉ ጥራት ኪዩብ ኢንፍራሬድ ክፍል ግን 640 ዓምድ፣ 480 ያህል መስመርና 438 ቻናል በአራት ባይት ሲባዛ ከግማሽ ጊጋ ባይት ያልፋል። የኤም-3 ረጃጅም ቅኝቶች 304 ዓምድና 85 ቻናል ይዘው በ10,000 መስመር ወደ 1 ጊጋ ባይት ይደርሳሉ። ስለዚህ ኪዩቡን ከማውረድ በፊት ትንንሾቹን የቅኝት ምስሎች አይቶ መለየት ብዙ ድካም ያድናል። ለክሪዝም በካርታ ላይ የተቀመጡና ከባቢ አየሩ የተስተካከለላቸው ኪዩቦች ስላሉ፣ ለተመረጠው ስፍራ ተዘጋጅተው ከተገኙ ከእነርሱ መጀመር ይሻላል። ሶፍትዌርን በተመለከተ፣ ብዙ ጽሑፎች የሚጠቅሱት ኤንቪ በክፍያ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን ጄማርስ፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ አይሲስና ፓይተን በነጻ ሥራውን ይሸፍናሉ። የማነጻጸሪያ ስፔክትረሞችንም ያው ተቋም በነጻ ያቀርባል።

መጀመሪያ መለማመድ የሚፈልግ ሰው ከማርስ በፊት በምድር ቢጀምር እመርጣለሁ። ከ2022 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ላይ የሚሠራው ኤሚት ደረቃማ አገሮችን በ285 ቻናሎች፣ በፒክስል 60 ሜትር ይቃኛል፤ መረጃውም ነጻ ነው። የአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ባዝልት፣ የዳሎል ጨውና ሰልፌት ከማርስ ጋር ለማነጻጸር የሚጠኑ ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፔክትረሙ የሚለውን በቦታው ሄዶ ድንጋዩን አንሥቶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በማርስ ይህ ዕድል የለም። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታወቅ። ኤሚት በ2.5 ማይክሮሜትር ያበቃል፤ የምድር አየር እርጥበትም በ1.4 እና በ1.9 አካባቢ ያለውን ብርሃን ከሞላ ጎደል ይውጠዋል። ስለዚህ በማርስ ላይ ውሃ ያዘለ ማዕድን የሚታወቅባቸው ሁለቱ ጎድጓዳዎች በዳሎል ኪዩብ ላይ አይገኙም፤ ልምምዱ ከ2.1 እስከ 2.4 ማይክሮሜትር ባለው ክልል፣ ሸክላን፣ ካርቦኔትንና ጂፕሰምን በመለየት ላይ ቢያተኩር ነው የሚያዋጣው።